ቃል በዝርዝር፣ ቃል በዐረፍተ ነገር፦ ስለ ግራፍና ስለ ቶፖሎጂ የሙያ ቃላት አተረጓጎም

የሙያ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለስ ተግባር በአመዛኙ በሁለት ዐምድ የሚካሄድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። በአንደኛው ዐምድ የባዕዱ ቃል ይሰፍራል፤ በሁለተኛው አማርኛ አቻው ይፈለግለታል፤ ባዶው ቦታ በተሞላ ቍጥር ሥራው አንድ ርምጃ ወደ ፊት እንደ ሄደ ይቈጠራል። ይህ አሠራር የራሱ ጥቅም እንዳለው አንክድም። ቃላትን ለመሰብሰብ፣ የጐደለውን ለይቶ ለማወቅ፣ ልዩ ልዩ ተርጓሚዎች ለአንድ ነገር ያወጧቸውን ስሞች ጐን ለጐን ለማነጻጸር ከዝርዝር የተሻለ መሣሪያ አይገኝም። ሆኖም ዝርዝሩ አንድ ዋና ነገር ይደብቃል። ቃሉ ከእኅት ቃላቱ ጋር በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሰለፍ ምን እንደሚሆን አይናገርም።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው ሒስ በዚሁ ነጥብ ላይ ያተኰረ ነው። አንድ አቻ ቃል በዝርዝሩ ላይ ፍጹም ትክክል መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ሙያው በሚናገርበት ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን እውነተኛውን ነገር ሐሰት ሊያደርገው ይችላል። ይህ አባባል የተጋነነ እንዳይመስል፣ በተጨባጭ ምሳሌ ልናስረዳው እንፈልጋለን። ለምሳሌነት የመረጥነው መስክ አልጄብራዊ ቶፖሎጂ የግራፎችን አወቃቀር ለመመርመር የሚያገለግልበት የሒሳብ ክፍል ነው። የመረጥንበትም ምክንያት ግልጽ ነው። በዚህ መስክ፣ የየራሳቸውን ቃላት ለየብቻ ያሳደጉ ሁለት ሙያዎች ተገናኝተዋል፤ ከሁለቱም ቤት አንድ ዐይነት ድምፅ ያላቸው፣ ትርጕማቸው ግን የተለያየ ቃላት መጥተው በአንድ ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። የዝርዝር አሠራር ድክመት ከዚህ ይበልጥ ጐልቶ የሚታይበት ስፍራ ብዙ አይደለም። አንባቢያችን የሒሳብ ባለሙያ እንዲሆን አንጠይቅም፤ ለክርክሩ የሚያስፈልገውን ያህል በየቦታው እናስረዳለን። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

1. ስለ ነገሩ

ግራፍ በዚህ ሙያ አነጋገር ነጥቦችና ነጥቦቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ የሚያያይዙ መስመሮች የሚገኙበት ነገር ነው። የነጥቦቹ አቀማመጥ፣ የመስመሮቹ ርዝመትና ቅጥነት ከቍጥር አይገባም፤ የሚፈለገው ማን ከማን ጋር እንደ ተያያዘ ብቻ ነው። የሙያው ታሪክ ሲተረክ መነሻ የሚደረገው ሌዮንሃርድ ኦይለር በ1736 የመረመረው የኮኒግስበርግ ድልድዮች ጥያቄ ነው። ከተማይቱ በወንዝ ተከፋፍላ አራት የየብስ ክፍሎች ነበሯት፤ እነዚህንም ሰባት ድልድዮች ያገናኟቸው ነበር። ጥያቄው ሰው እያንዳንዱን ድልድይ አንድ ጊዜ ብቻ እየተሻገረ ሁሉንም ሊያዳርስ ይችላልን የሚል ሲሆን፣ ኦይለር እንደማይቻል አረጋገጠ።

ለሥነ ቃል ተመራማሪ የሚጠቅመው ነጥብ ኦይለር ራሱ «ግራፍ» የሚል ቃል አለመጠቀሙ ነው። ቃሉን በዚህ ትርጕም ያስገባው እንግሊዛዊው ጄምስ ጆሴፍ ሲልቨስተር በ1878 ሲሆን፣ የወሰደውም የኬሚስትሪ ሰዎች የሞለኪውልን አሠራር ከሚያሳዩበት ሥዕላዊ አጻጻፍ ነው። «ቶፖሎጂ» የሚለውን ቃል ደግሞ ጀርመናዊው ዮሐን ቤኔዲክት ሊስቲንግ በ1847 በመጽሐፍ ርእስነት አወጣው፤ ይሁን እንጂ አንሪ ፑዋንካሬ በ1895 የአልጄብራዊ ቶፖሎጂን መሠረት የጣለበትን ጽሑፍ ያወጣው ቀድሞ በነበረው የላቲን ስም፣ «አናሊሲስ ሲቱስ» ብሎ ነበር። ስለዚህ አዲሱ ስም ከወጣ ከአርባ ስምንት ዓመት በኋላ እንኳ ትልቁ ሊቅ በአሮጌው ይጠቀም ነበር ማለት ነው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የባዕዱ ቃል ከመጀመሪያው ተቈርጦና ተሰፍቶ የወረደ፣ ተርጓሚውም እንደ ታቦት ሊነካው የማይገባ ነገር እንዳልሆነ ለማሳሰብ ነው። የባዕዱ ቃላትም በአጋጣሚ የተሰበሰቡ፣ እርስ በርሳቸው የሚጋጩ፣ በጊዜ ብዛት የተለመዱ ናቸው። ተርጓሚው ግጭታቸውን አብሮ መተርጐም አይጠበቅበትም።

2. «ጠርዝ» እና «ዳርቻ»

በግራፍ ሙያ ሁለት መሠረታዊ ቃላት አሉ፤ ነጥቡና ነጥቦችን የሚያያይዘው መስመር። ለነጥቡ «አንጓ» የሚለው ቃል መልካም ነው እንላለን። የሸንበቆ አንጓ፣ የጣት አንጓ ሲባል ሁለት ነገሮች የሚጋጠሙበትን ስፍራ ስለሚያመለክት፣ ያለ ማብራሪያ ይገባል። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። በቀላሉ ወደ አእምሮ የሚመጣው አቻ «ጠርዝ» ነው፤ የባዕዱ ቃል የሳጥንን ወይም የጠረጴዛን ጠርዝ ለመግለጽ የሚያገለግለው ቃል ራሱ ነውና። በዝርዝር ላይ ብቻ ለሚመለከተው ሰው ይህ ምርጫ አንዳች እንከን አይገኝበትም።

ወደ ቶፖሎጂው ስንሻገር ግን ሌላ መሠረታዊ ቃል እናገኛለን፤ የአንድን ነገር ማለቂያ የሚያመለክተው ቃል ነው። መስመር የሚያልቀው በሁለት አንጓዎች ነው፤ ውስጡ የተሞላ ሦስት ማዕዘን የሚያልቀው በሦስት መስመሮች ነው። ለዚህም ዝርዝር ሠሪው ዞሮ «ጠርዝ» ቢል አይፈረድበትም፤ የማሳ ጠርዝ፣ የልብስ ጠርዝ እንላለንና። እዚህ ላይ ነው አደጋው የሚፈጠረው። የአልጄብራዊ ቶፖሎጂ ሕንጻ በሙሉ የቆመው በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ላይ ነው፤ እርሷም «የማለቂያ ማለቂያ የለም» የምትል ናት። የተሞላው ሦስት ማዕዘን በሦስቱ መስመሮች ያልቃል፤ ሦስቱ መስመሮች ግን እየተቀጣጠሉ ዙሪያውን ስለሚዘጉ ራሳቸው ማለቂያ የላቸውም። አሁን ይህችን ዐረፍተ ነገር በ«ጠርዝ» እንጻፋት፦ «የጠርዝ ጠርዝ የለም»። የግራፍ ተማሪ ይህን ሲያነብ «መስመር ማለቂያ የለውም» ብሎ ይረዳዋል። ይህ ደግሞ ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ እያንዳንዱ መስመር ሁለት ጫፍ አለውና። እንግዲህ ሁለቱም አቻዎች በየራሳቸው ትክክል ሆነው ሳሉ የሙያው ዋና ሕግ ተገለበጠ።

ከዚህ የተነሣ መስመሩን «አገናኝ»፣ ማለቂያውን «ዳርቻ» ብንላቸው ይሻላል እንላለን። ማለቂያውን «ወሰን» ብሎ መተርጐም ለምን እንደማይበቃ ወደ ኋላ እናሳያለን። «ድንበር» የሚለውን የሚመርጡም ይኖራሉ። ነገር ግን ሕዝባችን «ዳር ድንበር» ብሎ ሁለቱን ሲያጣምር ያለ ልዩነት አላጣመራቸውም። ድንበር ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ በወዲህ የእኛ፣ በወዲያ የሌላ መሆን አለበት። ዳር ግን የነገሩ የራሱ ነው፤ በወዲያኛው በኩል ምንም ባይኖርም ነገሩ ዳር አለው። በሙያውም የሚፈለገው ይኸኛው ነው፤ ከአገናኙ ባሻገር ሌላ ነገር ይኑርም አይኑርም፣ አገናኙ ሁለት አንጓዎችን ዳርቻ አድርጎ ይኖራል።

ቃሉን በዐረፍተ ነገር እንፈትነው። አገናኞችን የሰበሰበ ነገር «ሰንሰለት» ይባል። የሰንሰለት ዳርቻ ቍጥራቸው ጎዶሎ የሆነ አገናኞች የሚነኳቸው አንጓዎች ናቸው፤ ጥንድ ጥንድ የሆኑት እርስ በርሳቸው ይጣፋሉ። በዚህ አነጋገር የኦይለር ሥራ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ በኮኒግስበርግ ከየብሶቹ በአንደኛው አምስት፣ በሦስቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ድልድዮች ያርፋሉ፤ ሁሉም ጎዶሎ ናቸው፤ ስለዚህ የሰባቱ ድልድዮች ሰንሰለት አራቱንም የብሶች ዳርቻ አድርጎ ይገኛል። ከመነሻው ተነሥቶ ወደ መነሻው የሚመለስ መንገድ ዳርቻ የለውም፤ ከአንድ ስፍራ ተነሥቶ በሌላ ስፍራ የሚያበቃ መንገድም ሁለት ዳርቻ ብቻ አለው። አራት ዳርቻ ያለው ሰንሰለት ግን የአንድ ሰው የአንድ ጊዜ ጉዞ ሊሆን አይችልም። አንባቢ እንደሚገነዘበው፣ ዐረፍተ ነገሩ በአማርኛ ብቻውን ይቆማል፤ የባዕዱን ቃል በአእምሮ መያዝ አያስፈልግም።

3. «ዑደት»፣ «ቀለበት»፣ «ቀዳዳ»

ሁለተኛው እንቅፋት በእንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚጠሩ ሁለት ነገሮች ናቸው። የግራፍ ባለሙያ በዚህ ቃል የሚያመለክተው አንጓዎቹ ሳይደገሙ የሚዘጋ ነጠላ ክብ መንገድ ነው። የቶፖሎጂ ባለሙያ ደግሞ በዚሁ ቃል ማናቸውንም ዳርቻ የሌለውን ሰንሰለት ያመለክታል፤ ሰንሰለቱ በአንድ አንጓ የሚገናኙ ሁለት ክቦች ቢሆን፣ ወይም ፈጽሞ የማይነካኩ ሁለት ክቦች ቢሆን ግድ የለውም። ስለሆነም የማይነካኩ ሁለት ሦስት ማዕዘኖች በአንድ ላይ ሲወሰዱ ለሁለተኛው ባለሙያ አንድ ሲሆኑ፣ ለአንደኛው ግን አንድ አይደሉም።

ለዚህ ቃል ዘወትር የሚቀርበው አቻ «ዑደት» ነው። የቃሉ ግእዝ ሥር «ዖደ»፣ ማለትም ዞረ፣ ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ የሚዞርና ወደ ተነሣበት የሚመለስ ነገርን ያመለክታል፤ የውሃ ዑደት ስንል ይህንኑ እንረዳለን። እንግዲያውስ ቃሉ ለጉዞ እንጂ ለቅርጽ የተሠራ አይደለም። በማይነካኩ ሁለት ክቦች ላይ የሚዞር አንድም ተጓዥ የለም፤ ስለዚህ «ዑደት» ብሎ መጥራት አንባቢውን ያሳስታል። ሦስቱን ነገሮች በሦስት ስም መለየት ይገባል እንላለን። ተጓዡ ዞሮ የሚመለስበትን መንገድ «ዑደት»፣ አንጓ የማይደገምበትን ነጠላ ክብ «ቀለበት»፣ የቶፖሎጂውን ደግሞ «ዳርቻ የለሽ ሰንሰለት» ማለት ነው። የመጨረሻው ረዘም ይላል የሚል ቢኖር፣ መርዘሙን እናምናለን፤ ነገር ግን ስሙ ራሱ ፍቺ ስለሆነ ተማሪውን ከአንድ ገጽ ማብራሪያ ያድነዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የ«ቀዳዳ» ጉዳይ ነው። ቶፖሎጂ የነገሮችን ቀዳዳ የሚቈጥር ሙያ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። በሙያው ፍቺ ቀዳዳ የሚኖረው ዳርቻ የለሽ ሰንሰለት ኖሮ ሰንሰለቱ የምንም የተሞላ ነገር ዳርቻ ሳይሆን ሲቀር ነው፤ ዙሪያው አለ፣ ውስጡ ግን የለም። አማርኛ በዚህ ረገድ ሀብታም ነው፤ ሀብቱ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። «ጕድጓድ» ታች አለው፤ ስለዚህ አይሆንም። «ክፍተት» በሁለት የተለያዩ ነገሮች መካከል ያለውን ባዶ ስፍራም ስለሚያመለክት፣ የመለያየትንና የመበሳትን ነገር ያደባልቃል። «ዐይን» የሚለው ቃል ያማልላል፤ ይሁን እንጂ የወንፊት ዐይን ወዲያና ወዲህ የሚያሳልፍ ሲሆን፣ የእንጀራ ዐይን ግን ከላይ የተከፈተ፣ ከታች የተደፈነ ነው። ለቶፖሎጂ ሰው ወንፊት ብዙ ቀዳዳ ያለው ነገር ነው፤ ያልተቀደደ እንጀራ ግን ዐይኑ የቱንም ያህል ቢበዛ አንድም ቀዳዳ የለውም። ስለዚህ «ቀዳዳ» የሚለው ተራ ቃል ከሁሉም ይበልጣል።

በግራፍ ውስጥ ቀዳዳዎችን መቍጠር ቀላል ነው። ከአገናኞቹ ብዛት የአንጓዎቹን ብዛት ቀንሶ፣ ግራፉ የተከፈለባቸውን ቍራጮች ብዛት መደመር ይበቃል። ለኮኒግስበርግ ሰባት ሲቀነስ አራት፣ ሲደመር አንድ፣ አራት ይሆናል። ይህን ቍጥር ጉስታቭ ኪርኮፍ በ1847 በኤሌክትሪክ መስመሮች ላይ ተጠቅሞበታል፤ ፑዋንካሬም ጠቅላላውን ሐሳብ በጣሊያናዊው በኤንሪኮ ቤቲ ስም ሰይሞታል። «የቤቲ ቍጥር» የሚለው የሰው ስም ስለሆነ እንዳለ ይያዝ፤ የሰውን ስም መተርጐም አይገባም። አርተር ኬይሊ በ1857 «ዛፍ» ብሎ የጠራው ግራፍ ደግሞ ቤቲ ቍጥሩ ባዶ የሆነ፣ ማለትም አንድም ቀለበት የሌለው አንድ ወጥ ግራፍ ነው። እዚህ ላይ «ግራፍ»ን «መረብ» ብሎ ለመተርጐም ለሚፈልጉ ወገኖች መልስ እናገኛለን። መረብ ያለ ዐይን መረብ አይሆንም፤ ዛፍ ግን ዐይን የሌለው ግራፍ ነው። «ዛፍ ዐይን የሌለው መረብ ነው» የሚል ፍቺ ለአማርኛ ጆሮ እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። ስለዚህ «ግራፍ» እንዳለ ይቆይ፤ በትምህርት ቤት ከሚታወቀው የፈንክሽን ግራፍ ለመለየት መጀመሪያ ሲጠቀስ «የአንጓዎች ግራፍ» ይባል።

4. «ተያያዥ» የሚለው ቃልና የሎቫስ ሕግ

እስካሁን ያየነው የመሠረት ቃላትን ነው። አሁን ሙያው ወደ ደረሰበት ከፍታ እንሻገር፤ የተርጓሚው ስሕተት እጅግ የሚጐዳውም እዚያ ነውና።

ማርቲን ክኔዘር በ1955 አንድ ጥያቄ አቀረበ። በአነስተኛ ምሳሌ እናቅርበው። ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ የተባሉ አምስት ሰዎች አሉ እንበል። ከእነርሱ የሚገኙት ጥንዶች ዐሥር ናቸው። እያንዳንዱን ጥንድ አንጓ እናድርግ፤ የጋራ ሰው የሌላቸውን ጥንዶች በአገናኝ እናያይዝ። ዐሥር አንጓና ዐሥራ አምስት አገናኝ ያለው ግራፍ ይገኛል። የተያያዙ አንጓዎች አንድ ዐይነት ቀለም እንዳይኖራቸው አድርገን ብንቀባው ስንት ቀለም ይበቃል? ሦስት እንደሚበቃ ማሳየት አይከብድም። ሀ ያለባቸውን ጥንዶች በአንደኛው ቀለም፣ ከቀሩት ለ ያለባቸውን በሁለተኛው እንቀባለን፤ የተረፉት ከሐ፣ ከመና ከሠ ብቻ የተውጣጡ ስለሆኑ ማናቸውም ሁለቱ የጋራ ሰው አላቸው፤ ስለዚህ ሦስተኛው ቀለም ለሁሉም ይበቃል። በዚህ መንገድ በጠቅላላው ስንት ቀለም እንደሚበቃ ክኔዘር ያውቅ ነበር። አስቸጋሪው ከዚያ ያነሰ እንደማይበቃ ማረጋገጥ ነበር።

ጥያቄው ሃያ ሦስት ዓመት ከቆየ በኋላ ሀንጋሪያዊው ላስሎ ሎቫስ በ1978 መለሰው። መልሱን ያገኘው ግን ከግራፍ ሙያ ውስጥ ሳይሆን ከቶፖሎጂ ነው፤ የተደገፈውም ካሮል ቦርሱክ በ1933 ባረጋገጠው፣ ስለ ሉል ተቃራኒ ነጥቦች በሚናገረው ሕግ ላይ ነው። ሎቫስ ያደረገው ከግራፉ ሌላ ነገር መሥራት ነበር። የጋራ ጎረቤት ያላቸውን አንጓዎች ሁሉ አንድ ላይ ያያይዛል፤ ሁለት ከሆኑ በመስመር፣ ሦስት ከሆኑ በተሞላ ሦስት ማዕዘን፣ ከዚያም በላይ ከሆኑ በበለጠ ልኬት። ከዚያም የዚህ ነገር ቀዳዳ የለሽነት ለግራፉ ከሚያስፈልጉት ቀለማት ጋር እንዴት እንደሚዛመድ አሳየ።

ሐሳቡ እንዲጨበጥ ትንንሽ ቀለበቶችን እንውሰድ። በሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ በተሠራ ባለ አራት አንጓ ቀለበት የሀና የሐ ጎረቤቶች ለና መ ናቸው፤ የለና የመ ጎረቤቶች ሀና ሐ ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ነገር ሁለት የተለያዩ ቍራጮች ይሆናል፤ አንዱ ለ–መ፣ ሌላው ሀ–ሐ። በባለ አምስት አንጓ ቀለበት ግን ሀ–ሐ፣ ሐ–ሠ፣ ሠ–ለ፣ ለ–መ፣ መ–ሀ እየተባለ ሁሉም ተያይዞ አንድ ይሆናል። የመጀመሪያው ቀለበት በሁለት ቀለም ይቀባል፤ ሁለተኛው ግን ሦስት ይጠይቃል። አዲሱ ነገር አንድ ወጥ ሲሆን ሁለት ቀለም አይበቃም ማለት ነው። የሎቫስ ሕግ ይህን ሐሳብ ወደ ከፍተኛ ልኬቶች ያራዝመዋል።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በእንግሊዝኛው ሕጉ የሚነገረው «ተያያዥ» በሚል ቃል ፊት ቍጥር በማስቀመጥ ነው። የግራፍ ሙያም ከቀድሞ ጀምሮ በትክክል ይህንኑ አጻጻፍ ይጠቀማል፤ ትርጕሙ ግን ሌላ ነው። በግራፍ ሙያ «5-ተያያዥ» ማለት አንጓዎቹ ከአምስት የሚበልጡ ሆነው፣ ከአምስት ያነሱ አንጓዎች ቢነሡለት የማይበጠስ ግራፍ ማለት ነው። በቶፖሎጂ ደግሞ «5-ተያያዥ» ማለት ባዶ ያልሆነ፣ እስከ አምስት ልኬት ያለ ማናቸውም ሉል ቢዘረጋበት ሳይቀደድ ወደ አንዲት ነጥብ ሊሰበሰብ የሚችልበት ነገር ማለት ነው። የቍጥሩ አጀማመር እንኳ አንድ አይደለም፤ ተራ መያያዝን የግራፍ ሰው በ1 ሲጠራው፣ የቶፖሎጂ ሰው በ0 ይጠራዋል።

ተርጓሚው ሁለቱንም «ተያያዥ» ካለ፣ የሎቫስ ሕግ «ግራፉ 5-ተያያዥ ከሆነ ለመቀባት ቢያንስ ስምንት ቀለም ያስፈልጋል» ወደሚል አረዳድ በቀላሉ ይወድቃል። ይህ ሐሰት መሆኑን ማንም ሊያረጋግጥ ይችላል። አምስት አንጓዎችን በአንድ ወገን፣ አምስት በሌላ ወገን እናስቀምጥና የአንዱን ወገን እያንዳንዱን አንጓ ከሌላው ወገን ከሁሉም ጋር እናያይዝ። ማናቸውም አራት አንጓዎች ቢነሡ ግራፉ አይበጠስም፤ ለመቀባት ግን አንዱን ወገን በአንድ ቀለም፣ ሌላውን በሌላ ቀለም ማድረግ ስለሚቻል ሁለት ቀለም ብቻ ይበቃል። ስምንት የተባለው ሁለት ሆነ። በዝርዝሩ ላይ ግን «ተያያዥ» የሚለው አቻ እስካሁን ትክክል ነው!

አማርኛ ከዚህ ችግር የሚያወጣ ቃል አለው። የግራፉን ባሕርይ «ጽኑ» እንበለው፤ «5-ጽኑ ግራፍ» አምስት አንጓ ካልተነሣለት የማይበጠስ ይሆናል። የቶፖሎጂውን ደግሞ «ድፍን» እንበለው፤ ደፈነ ከሚለው ግሥ የወጣ ሆኖ ያልተበሳ፣ ያልተከፈተ ነገርን ያመለክታልና። «ተያያዥ» የሚለው ቃል ቍጥር ሳይጨመርበት ለአንድ ወጥ ነገር ብቻ ይቀመጥ፤ በዚህ ሁለቱ ሙያዎች ይስማማሉ። እንግዲህ ሕጉ በአማርኛ እንዲህ ይሆናል፦ «የአንድ ግራፍ የጎረቤታሞች ቅንብር እስከ ቀ ልኬት ድረስ ድፍን ከሆነ፣ ግራፉን ለመቀባት ከቀ ሲደመር ሦስት ያላነሱ ቀለማት ያስፈልጋሉ።» በ«ቀ» ፈንታ 0 ብናስገባ ከላይ በባለ አምስት አንጓው ቀለበት ያየነው ሦስት ቀለም ይወጣል።

በዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ያሉ ሌሎች ሁለት ቃላትም ማብራሪያ ይሻሉ። «ቅንብር» ያልነውን ብዙ ተርጓሚ «ውስብስብ» ሊለው ይፈተናል። ነገር ግን በሙያው አንዲት ነጥብ ብቻዋን እንኳ በዚህ ስም ትጠራለች፤ እርሷን «ውስብስብ» ማለት ያስቃል። ቃሉ የሚያመለክተው ከክፍሎች መገጣጠምን እንጂ አስቸጋሪነትን አይደለም። «ጎረቤታሞች» የሚለውም እንዲሁ ነው። እንግሊዝኛው በቶፖሎጂ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ያለውን ስፍራና በግራፍ ያሉትን የአንጓ ጎረቤቶች በአንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን «አካባቢ» እና «ጎረቤት» ብሎ በተፈጥሮው ይለያቸዋል። የመጀመሪያው ስፍራ ነው፤ ሁለተኛው ነዋሪ ነው። ባዕዱ ያደባለቀውን እኛ ለይተን ሳለን፣ ለታማኝነት ብለን እንደ ገና ማደባለቅ የለብንም።

«ወሰን» ለምን ለዳርቻ እንደማይሆንም አሁን ግልጽ ይሆናል። የሎቫስ ሕግ የቀለማትን ብዛት ከታች የሚገድብ ሕግ ነው፤ «ዝቅተኛ ወሰን» የምንለውን ይሰጣል። ስለ ዳርቻ በሚናገር ሙያ ስለ ዝቅተኛ ወሰን የሚናገር ውጤት ሲገኝ፣ ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት አንባቢውን በገዛ ቤቱ ማሳወር ነው።

5. ስለ ውሰት

አንዳንድ ወገኖች ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ቃላቱን ሁሉ እንዳሉ ብንወስዳቸው አይሻልምን ይላሉ። ክርክራቸውን በንቀት አንመለከተውም። የከፍተኛ ትምህርታችን መማሪያ እንግሊዝኛ እንደ መሆኑ መጠን፣ ተማሪው ውሎ አድሮ የባዕዱን ቃል መገናኘቱ አይቀርም። «አልጄብራ» ራሱ ከዐረብኛ ተነሥቶ በላቲን በኩል ዓለምን ያዳረሰ ውሰት ነው። እኛም «ቶፖሎጂ»ን፣ «ሆሞሎጂ»ን፣ «ግራፍ»ን እንዳሉ ይዘናል። ቶፖሎጂን «ሥነ ቦታ» ብንለው ስለ መልክዐ ምድር የሚናገር ስለሚመስል ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣል።

ይሁን እንጂ የሙያን ስም መዋስና የሙያን ዐረፍተ ነገር መዋስ አንድ አይደሉም። «ሳይክል ባውንደሪ የሌለው ቼይን ነው» የሚል ዐረፍተ ነገር ከአማርኛ የቀረው «የሌለው» እና «ነው» ብቻ ነው፤ ለማያውቀው ሰው አንዳች አይነግረውም፤ የሚያውቀውም አያስፈልገውም። ከዚህም በላይ ውሰት የባዕዱን ግጭት አብሮ ያስገባል። «ኮኔክትድ» የሚለውን ብንዋስ፣ ከላይ ያሳየነው የስምንትና የሁለት ቀለም ስሕተት ሳይቀነስ አብሮ ይመጣል። ስለሆነም ውሰት ከስሕተት የሚያድን መጠጊያ አይደለም።

6. ማጠቃለያ

ከዚህ ምርመራ የምናወጣው አስተያየት ለአንድ የሒሳብ ክፍል ብቻ የተወሰነ አይደለም። ማናቸውም የሙያ ቃል ከመጽደቁ በፊት ሦስት ፈተናዎች እንዲቀርቡለት እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ቃሉ በሙያው መሠረታዊ ፍቺና ቢያንስ በአንድ ዋና ሕግ ውስጥ ይግባ፤ የዐረፍተ ነገሩ እውነትነት እንዳልተለወጠም በሙያው ሰው ይረጋገጥ። ሁለተኛ፣ የባዕዱ ቃል በአጎራባች ሙያ ሌላ ትርጕም እንዳለው ይመርመር፤ ካለው በአማርኛ ይለይ። ሦስተኛ፣ አማርኛው አቻ አስቀድሞ ለሌላ ነገር ተይዞ እንደ ሆነ ይታይ፤ «ወሰን» እና «ጠርዝ» የሚያስጠነቅቁን ይህንኑ ነው። ዝርዝሩም ከሁለት ዐምድ ወደ ሦስት ይደግ፤ በሦስተኛው ዐምድ ቃሉ የተፈተነበት ዐረፍተ ነገር ይስፈር።

ያቀረብናቸው ስሞች፣ «አንጓ»፣ «አገናኝ»፣ «ዳርቻ»፣ «ዳርቻ የለሽ ሰንሰለት»፣ «ቀለበት»፣ «ጽኑ»፣ «ድፍን»፣ «ቅንብር»፣ ለውይይት የቀረቡ ናቸው። የተሻለ ቃል ያለው ወገን ቢያቀርብ በደስታ እንቀበላለን፤ የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ቃሉን ብቻውን አያምጣልን፤ «የዳርቻ ዳርቻ የለም» የምትለውን ዐረፍተ ነገርና የሎቫስን ሕግ በራሱ ቃላት ጽፎ ያምጣልን። ሁለቱም እውነት ሆነው ከቆዩ፣ ቃሉ ፈተናውን አልፏል።